አልጋ ወራሽ

ስሜ የሺእመቤት ነው። እናቴ ስትሰይመኝ፣
የሺህ ቤት እመቤት ልሆን፣ ህልም አይታልኝ መሰለኝ።
ያለኝ ስምንት አልጋ ነው፣ ሻርጃ፣ ከሮላ ጀርባ፣
አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ፣ እያሳለ የሚገባ።
ቤቱም የኔ አይደለም፤ በአራት ቼክ ነው የያዝኩት፣
በየሦስት ወሩ እንቅልፌን፣ ለባንክ የምገብርበት።

የማጸዳበት ቢሮ፣ አለቃው ሚስተር ኩርያን፣
አርባ አፓርታማ አለው፤ ሂሳቡን አሳየኝ አንድ ቀን።
«ገንዘብ ማለት» አለኝ፣ ሻዩን እያማሰለ፣
«አንቺ ተኝተሽ ሳለ፣ ገብቶ ያደረ ካለ፣
እሱ ነው። ሌላው ላብ ነው፤ ላብ ደግሞ ይደርቃል።»
ልክ ነው፤ ገብቶኛል፤
የኔ ግን ትንሽ ይለያል።
ሌሎች ሲተኙ ነው፣ ለኔ ሳንቲም የሚገባው፤
እኔማ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ሳሎን ነው የማነጋው።

ታችኛው ስድስት መቶ፣ ላይኛው አምስት መቶ፣
(ላይኛው ጣሪያ ይነካል፤ ማን ይቀመጣል ተዝናንቶ?)
አራት ሺህ አራት መቶ፣ ሲሞላ፣ ሲደመር፤
ሦስት ሺው ለባለቤቱ፣ ገና ወሩ ሲጀመር፤
አምስት መቶ ለመብራት (ሐምሌ ሲገባ ስምንት)፣
ሦስት መቶ ለኢንተርኔት፣
ስልሳ ለሲሊንደሩ፣
ለበረሮው መድኃኒት — ተዉት፣ እነሱም ይኑሩ።
የሚተርፈኝ እንግዲህ፣ አምስት መቶ አርባ ነው፤
አንድ ላይኛው ባዶ ቢሆን፣ አርባዋን ታቅፌ ነው።

አዲስ ሴት ስትመጣ፣ ሻንጣ እየጎተተች፣
«ቤት ለእንቦሳ» ብላ፣ ከልማድ ትገባለች።
«እንቦሳ እሰሪ» እላለሁ። የት ላይ ታስረዋለች?
ከፍሪጁ ጎን ጫማ አለ፣ በረንዳው ላይ ልብስ አለ፤
ጥጃው ቀርቶ ጥላዋም፣ ተጣጥፎ በተቻለ።
የበለዲያ ሰው ያንኳኳ ዕለት፣ ዘጠኛችን እህት ነን፤
አባታችንን ሲጠይቅ፣ አንድ ስም እናዋጣለን።
አንዷ የለቀቀች እንደሁ፣ ማታውኑ ሌላ ትገባለች፤
አልጋ ወራሽ ነው የምንላት፤
ዘውድ የለም፣ ትራስ ትወርሳለች።

ኋላ አንድ መላ መጣልኝ። የኔው ነው፣ አልክድም፤
አንድ አልጋ ሁለቴ ቢከራይ፣ ማን ይጎዳል? ማንም።
ትርሃስ ቀን ፀጉር ትሠራለች፣ ማታ ገብታ ታድራለች፤
ዘምዘም ሌሊት ሆስፒታል ታጥባለች፣ ሲነጋ ትተኛለች።
ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ፤
አንሶላው ሳይነሣ፣
ትራሱ ሳይበርድ፣
አልጋዋ በሁለት ፈረቃ፣ ሌት ተቀን ስትወልድ።

ሁለቱ አይተዋወቁም። አንዷ ደረጃ ስትወርድ
ሌላዋ በሊፍት ትወጣለች።
አንድ ዓርብ አንሶላ ስቀይር፣ ትራሱን ሳነሣ፣
የራስ ምታት ክኒን፣ ሁለት ፍሬ፣ በሶፍት ታስሮ፣
በደረሰኝ ጀርባ ደግሞ፣ ጽሑፍ ሰፍሮ፦
«ትራሱን ረጥቦ አገኘሁት። ላብሽ ነው ብዬ ልለፈው?»
ከሥሩ፣ በሌላ እጅ፣
«ላብ ነው። ኤሲው ተበላሽቶ ነው።»
ኤሲው ደህና ነበር።
መለስኩት ትራሱን፣ እንደነበረ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ትርሃስ ማታ አልመጣችም።
ስልኳ ዝግ ነው። ፀጉር ቤቱም «እኛም አላየናትም»።
ሻንጣዋ ከአልጋው ሥር ነው፤ ነጠላ ጫማዋ በሩ ጋ።
እኔ ግን፣ ምን ልዋሽ፣
መጀመሪያ የገለጥኩት ደብተሬን ነው።
ቼኩ በአሥራ አምስት ነው፤ ባንክ «ጠፋችብኝ» አይሰማም።

በወሩ መጨረሻ፣ ከትራሱ ሥር ፖስታ፤
ሰባት መቶ ዲርሃም።
«የሁለታችን» ይላል። ሌላ ቃል የለበትም።
ዘምዘም መልኳን አታውቅም፤
ድምጿንም አታውቅም፤
የምታውቀው ንጋት ላይ አልጋው ውስጥ የሚቀረውን
ያንን ሙቀት ብቻ ነው።

ተቀበልኩ። አዎ፣ ተቀበልኩ።
ገቢ ብዬ ልጻፈው? ብድር? ምጽዋት?
እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቆየሁ።
ግጥም ቤት ይመታል ይላሉ፤
እኔን ቤት መታኝ።

ትናንት ማታ ስልክ ተደወለ፦
«እህቴ፣ አልጋ አለሽ? ለሌሊት ብቻ ቢሆንም፣
አራት መቶ እከፍላለሁ።»
አራት መቶ!
ሄጄ ትራሱን ዳሰስኩት።
ቀዝቅዟል።
«ተይዟል» አልኳት።